በእንፋሎት ኃይል ላይ ብር ከማስገባታችሁ በፊት፦ ቦንድ፣ አክሲዮን፣ ማህበር ወይስ የድርሻ መብት?

ጅማ ላይ የከርሰ ምድር እንፋሎት (ጂኦተርማል) ማመንጫ የለም። እኛ የምናውቀው ግልገል ጊቤን ነው፣ ውሃውን። ታዲያ የጂኦተርማል ገንዘብ ምን አገባን?

ያገባናል። ኢተያ፣ ዝዋይ ወይ ሻሸመኔ ዘመድ ያለው የጅማ ሰው ብዙ ነው፤ ማሳቸው አጠገብ መቆፈሪያ ማሽን ሲቆም መጀመሪያ የሚደውሉት «አንተ ከተማ ነህ፣ ታውቃለህ» ለሚሉት ሰው ነው። ሌላም አለ። የእድሩ፣ የቁጠባና ብድሩ፣ የቡና ማህበሩ ብር ባንክ ተኝቶ ዋጋው እየቀለለ ሲሄድ ያየ ሁሉ «የት እናስገባው?» እያለ ነው። አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያይበት የሰነድ ገበያውም ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍቷል። ነገ አንዱ ፋይል ይዞ እድራችሁ ስብሰባ ላይ መጥቶ «የእንፋሎት ድርሻ» ቢሸጥላችሁ አትደነቁ።

አራት መንገዶችን አወዳድሬ የምመርጠውን እነግራችኋለሁ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የማወዳድርበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ጉድጓዱ ደረቅ ቢወጣ የማን ብር ነው የሚጠፋው?

ብሩ የት ላይ ይበላል

የወንዝ ውሃ በዓይን ይታያል፣ ይለካል። ፀሐይም እንደዚያው። እንፋሎት ግን ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ካልተቆፈረ መኖሩ አይረጋገጥም። መጀመሪያ ጂኦሎጂስቶች ከላይ ከላይ ያጠናሉ፤ ይሄ ሌላው ሲታይ ርካሽ ነው። ከዚያ የፍለጋ ቁፋሮ ይመጣል። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አምስት ስድስት ሚሊዮን ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨርሳል። ስድስቱን ሚሊዮን በ150 ብር ብታባዙት 900 ሚሊዮን ብር ነው። ለአንድ ጉድጓድ። ያውም ባዶ ሊሆን ለሚችል። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ በ2013 ባወጣው ጥናት ከአስር የፍለጋ ጉድጓዶች የተሳካላቸው ስድስት ያህሉ ናቸው። ቦታው እየታወቀ ሲሄድ፣ ወደ ምርት ጉድጓዶች ሲታለፍ፣ ቁጥሩ ይሻሻላል። አደጋው መጀመሪያው ላይ ነው የተከመረው።

እንፋሎቱ ከተገኘ በኋላም እፎይ አይባልም። አሉቶ ላንጋኖን እዩት። ከ300 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ጉድጓድ ያለበት ቦታ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ 7.3 ሜጋዋት የሙከራ ማመንጫ ተተከለበት፤ ብዙም ሳይቆይ በብልሽት ቆመና ለዓመታት ሳይጠገን ቀረ። ሙቀቱ ሞልቶ እያለ ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ «ፍል ውሃ አለን፣ ስለዚህ ኃይል አለን» የሚል ሰው ከገጠማችሁ በትህትና እለፉት። አዲስ አበባ ስንመላለስ የምናልፋት ወሊሶም ፍል ውሃ አላት። ገላ መታጠብ ይቻላል። ተርባይን ማዞር ሌላ ነገር ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ለዚህ ለመጀመሪያው አደጋ ሲባል የተቀመጠ ገንዘብ አለ። የአፍሪካ ህብረት ኮሚሽን ከጀርመንና ከአውሮፓ ህብረት በተገኘ ብር በ2012 ያስጀመረው የጂኦተርማል ስጋት መቀነሻ ፈንድ ለምሥራቅ አፍሪካ ፕሮጀክቶች የጥናቱን ወጪ እስከ 80 በመቶ፣ የፍለጋ ቁፋሮውን እስከ 40 በመቶ ይሸፍናል። ኪሳራ ታስቦበት የተመደበ ብር እያለ የእናንተ የእድር ብር ቀድሞ የሚገባበት ምክንያት የለም። ቀድሞ እንዲገባ የሚለምናችሁ ሰው ካለ ለምን ከዚያ እንዳልወሰደ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ነገር ያሳያችኋል።

ቦንድ

ቦንድ ብድር ነው። ብር ታበድራላችሁ፣ በቀኑ ከነወለዱ ይመለስላችኋል። ባለቤት አትሆኑም፣ ድምፅ አይኖራችሁም። ህዳሴ ግድብ ላይ ሁላችንም አይተነዋል። ከ2011 ጀምሮ ከደመወዝም ከኪስም ተገዝቷል፤ አምስት ዓመት ለሚቆየው 5.5 በመቶ፣ ከዚያ ለሚበልጠው 6 በመቶ ወለድ ነበረው። እሱ ለሀገር ነው፣ በትርፍ ሂሳብ አልነካውም። ግን ለንጽጽር ያህል፣ በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን 6 በመቶ የምታገኝ ብር በዓመቱ መጨረሻ ምን እንደምትገዛ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የብር ቦንድ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ወለዱ ከገበያው ጋር ይሄዳል ወይስ አይሄድም የሚለውን ነው።

ኬንያ በእንፋሎት ኃይል ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ40 በመቶ በላዩ ከዚያ ነው። ኦልካሪያ ላይ የሚያመነጨው ኬንጄን የተባለው ኩባንያ በ2009 ለሕዝብ ቦንድ ሸጠ። አስር ዓመት የሚቆይ፣ 12.5 በመቶ ወለድ ያለው። ሕዝቡ ከተጠየቀው በላይ ገዛ። ለምን አመኑት? ኬንጄን አንድ ጉድጓድ ይዞ የመጣ ኩባንያ አይደለም። የውሃ ማመንጫዎች አሉት፣ ከ1981 ጀምሮ የሚሠራ የእንፋሎት ማመንጫ አለው፣ ከሽያጭ የሚገባ ብር አለው። አንድ ጉድጓድ ቢደርቅ የቦንዱ ክፍያ አይቀርም። በአንጻሩ አንድ ፕሮጀክት ብቻ ያለው ኩባንያ ቦንድ ቢያወጣ እናንተ ከጉድጓዱ ጋር አብራችሁ ናችሁ። ወረቀቱ ላይ ቦንድ ይበል እንጂ አደጋው የአክሲዮን ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወለድ የማይነካ ሰው ብዙ ነው። እድሩ ውስጥ ግማሹ ወለድ አልወስድም ካለ የእድሩን ብር ቦንድ ላይ አስገብቶ ኋላ ሰላም መፍጠር አይቻልም። ይሄ ከመግዛት በፊት የሚነሳ ጉዳይ ነው፣ የትርፍ ቀን አይደለም።

አክሲዮን

ከአክሲዮን ጋር ባለቤት ትሆናላችሁ። ሲያተርፍ ታገኛላችሁ፣ ሲከስር አብራችሁ ትከስራላችሁ። ለወለድ ሸሹም ይሄ ይቀላል፤ የኩባንያው ብድር ግን በራሱ መታየት አለበት።

ኬንጄን በ2006 አክሲዮን ሲሸጥ ናይሮቢ ተሰልፋ ነበር። አንዱ 11.90 ሺሊንግ። ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው ዘለለ፣ ሰው ጨፈረ። በ2023 መጨረሻ ያው አክሲዮን ከ3 ሺሊንግ በታች ነበር። ልብ በሉ፣ ኩባንያው አልከሰረም፤ እንፋሎቱም አልደረቀም፤ እንዲያውም በመካከል ኦልካሪያ ላይ ማመንጫዎች ተጨምረዋል። በትርፍ ድርሻ የተከፈለው ቢደመርም ቀድሞ ገዝቶ የተቀመጠ ሰው እንዳሰበው አልሆነለትም። የኤሌክትሪክ ዋጋ የሚወሰነው በመንግሥትና በውል ነው፣ ስለዚህ ኩባንያው ጥሩ ስለሠራ ብቻ የእናንተ ድርሻ አይወጣም።

እዚህ ሀገር ቅርቡ ምሳሌ የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ነው። ጥቅምት 2024 ላይ 10 በመቶው ቀረበ፣ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ከ100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን የገዛው ሰው 47 ሺህ አካባቢ ነው። ሀገሬው ሁሉ የሚያውቀው፣ ትርፍ ያለው፣ በስልክ የሚገዛ ኩባንያ ነው እንግዲህ። ማንም የማያውቀው የቁፋሮ ኩባንያ በአክሲዮን «የሕዝብ» ይሆናል የሚል ሰው ይሄን ቁጥር ይመልከት። 9,900 ብር ለአንድ የቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነም አብሮ ያስብ። ማሳው አጠገብ ጉድጓድ የተቆፈረበት ገበሬ በዚህ መንገድ ባለቤት አይሆንም። ባለቤት የሚሆነው ብር ያለው ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ ያለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አክሲዮንም ሆነ ቦንድ ለሕዝብ የሚሸጥ ሁሉ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የጸደቀ የሽያጭ መግለጫ ያስፈልገዋል። «እሱ በሂደት ላይ ነው፣ እስከዚያ ቀብድ ያዙ» ከተባላችሁ ውይይቱ እዚያ ላይ ያብቃ።

ህብረት ሥራ ማህበር

የጅማ ሰው በማህበር ያምናል፣ ልክ ነውም። ቡናው ላይ ከመሠረታዊ ማህበር እስከ ዩኒየን የሠራ ነገር ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ፤ ባለ ብዙ ብሩ አይገንም። ታዲያ ለምን በማህበር አንቆፍርም?

የ900 ሚሊዮኑን ሂሳብ መልሳችሁ እዩት። ማህበር ሰብስቦ፣ ገበሬው ላይ አዋጥቶ ያን ያህል ብር አንድ ቀዳዳ ውስጥ መጣል ያስወግዛል። የማህበሩ ጥሩ ቦታ ከጉድጓዱ ማዶ ነው፣ ሙቀቱና ሥራው ላይ። ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ አጠገብ ኦሴሪያን የተባለው የአበባ እርሻ ግሪንሃውሶቹን ለዓመታት በእንፋሎት አሙቋል። ሜኔንጋይ ላይ የኬንያው የጂኦተርማል ልማት ድርጅት ወተት ማፍያ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የዓሣ ኩሬና እህል ማድረቂያ በጉድጓድ ሙቀት ሞክሯል። ይሄ በማህበር አቅም የሚሠራ ነው። ብሩ ትንሽ፣ ቢከስርም የሚቻል።

«ቡናችንንስ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዝናብ ሲመጣ አልጋ ላይ የተሰጣ እሸት ቡና ሲሸፈን ሲገለጥ ያየ ሰው ሁሉ ሙቅ አየር ይመኛል። ግን ሙቀት እንደ ኤሌክትሪክ በሽቦ አይሄድም። ከአርሲ እስከ ጎማ ወረዳ ቧንቧ የሚዘረጋ የለም። ለእኛ የሚደርሰን ኤሌክትሪኩ ብቻ ነው፣ እሱም ከህዳሴው፣ ከጊቤው፣ ከነፋሱ ጋር አንድ ላይ ተቀላቅሎ። የማህበሩ አማራጭ እንግዲህ ለኢተያ ዘመዶቻችን ጥሩ ነው፣ ለጅማ ቡና አይደለም።

የድርሻ መብት

እኔ የምመርጠው ይሄኛውን ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ሃሳቡ ቀላል ነው። አካባቢው ሕዝብ ብር አያዋጣም። መሬቱን፣ ውሃውን፣ መንገዱን፣ ሰላሙን ሰጥቷል፤ አቧራውንና ጩኸቱን ይችላል። ስለዚህ ከሽያጩ በሕግ የተቆረጠ ድርሻ ያገኛል። ጉድጓዱ ቢደርቅ ያልገባ ብር አይከስርም። በየሀገሩ ግን አንድ አይደለም፣ ልዩነቱም ሰፊ ነው።

ቀለል እንዲል አንድ 50 ሜጋዋት ማመንጫ እንውሰድ። ዓመቱን በ90 በመቶ አቅሙ ቢሠራ ወደ 394 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል። አንዱን በ7 የአሜሪካ ሳንቲም ሸጠ እንበል፤ የዓመት ሽያጩ 27.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ፊሊፒንስ ውስጥ በ1994 በወጣ ደንብ ከእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት አንድ የፔሶ ሳንቲም ለአካባቢው ይቆረጣል። በእኛ ምሳሌ ወደ 3.9 ሚሊዮን ፔሶ፣ ማለትም 70 ሺህ ዶላር አካባቢ። ጥሩነቱ፣ ቆጣሪ አይዋሽም። ኩባንያው «ዘንድሮ አላተረፍንም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ብሩ ለምን እንደሚውልም ተለይቷል፦ መብራት ማስገቢያ፣ መተዳደሪያ፣ ደንና ጤና። መጥፎነቱ ደግሞ ሳንቲሟ ዛሬም ያችው ሳንቲም ናት። በ1994 የምትገዛውን ዛሬ አትገዛም።

ኢንዶኔዥያ ኩባንያው ኤሌክትሪክ ከሸጠበት ጠቅላላ ገቢ 0.5 በመቶ ለአካባቢው አስተዳደር ይሰጣል። በእኛ ምሳሌ 138 ሺህ ዶላር። ዋጋ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል። ችግሩ የሚገባው ለአስተዳደሩ ነው፤ ከዚያ ወደ መንደሩ ስንት እንደሚወርድ ሌላ ትግል ነው። ይሄን ለእኛ ሀገር ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

ኬንያ በ2019 የኢነርጂ ሕጓ ለመጀመሪያዎቹ አስር ዓመታት ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ሮያሊቲ፣ ማለትም ሀብቱን ለመጠቀም ኩባንያው የሚከፍለው ድርሻ፣ አስቀመጠች። ከሮያሊቲው 75 በመቶው ለማዕከላዊ መንግሥት፣ 20 በመቶው ለካውንቲው (ለአካባቢው አስተዳደር)፣ 5 በመቶው ለአካባቢው ማህበረሰብ። አምስት በመቶ ሲባል ጆሮ ላይ ደስ ይላል። አስሉት እስቲ። ከ276 እስከ 690 ሺህ ዶላር ከሆነው ሮያሊቲ ለመንደሩ የሚደርሰው ከ14 እስከ 35 ሺህ ዶላር ያህል ነው። ከፊሊፒንሷ ሳንቲም እንኳ ያንሳል። «አምስት በመቶ» ሲሏችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የምን አምስት በመቶ?» ነው።

ከሁሉም በላይ የሄዱት የኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ናቸው። ሞካይ የተባለው ማመንጫ ሦስት አራተኛው የቱዋሮፓኪ ማህበረሰብ አደራ ተቋም ንብረት ነው። ከእንፋሎቱ አጠገብ የወተት ማቀነባበሪያም አላቸው፣ ከ2011 ጀምሮ። ይሄን አይቶ «እኛስ?» ማለት ይቀላል። ግን መሬቱ የእነሱ ነው፣ በካርታ። እኛ ጋ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት ነው ያለው፣ የከርሰ ምድር ሀብትም የራሱ አዋጅ አለው፣ ቁጥር 981። ስለዚህ የማኦሪ መንገድ እንዳለ አይገለበጥም።

የሚቻለው ምንድን ነው? ኢንዶኔዥያን ከፊሊፒንስ ጋር ማጋባት። ከጠቅላላ ሽያጭ የሚሰላ በመቶኛ፤ ከትርፍ ግን አይሁን፣ ትርፍ በሂሳብ ሠራተኛ እጅ ያለ ነገር ነው። መድረሻው በስም የተጻፈ፦ የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው አካውንት፣ ማን ይፈርማል። ይሄ ፈቃዱ ሲሰጥና ውሉ ሲፈረም ካልገባ በኋላ በልመና አይገባም።

ስብሰባ ወይስ ምክክር

የገንዘቡ መንገድ የሚወሰነው ሕዝቡ መቼ እንደተጠየቀ ነው። ዘግይቶ የተጠየቀ ሕዝብ የሚቀርለት ካሳ መደራደር ብቻ ነው።

ኬንያ ውስጥ ኦልካሪያ አራት የተባለውን ማመንጫ ለመሥራት የማሳይ ቤተሰቦች በ2014 ከቦታቸው ተነሱ። አዲስ ቤት ተሠራላቸው። በዚያው ዓመት አቤቱታው ወደ ዓለም ባንክ የምርመራ ፓነልና ወደ አውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ ሄደ፤ እርቁ በ2016 ነው የተፈረመው። ፓነሉ ካያቸው ችግሮች መካከል ምክክሩ በማሳይ ቋንቋ አለመካሄዱና ባህላዊ ሽማግሌዎቹ ወደ ጎን መደረጋቸው ይገኙበታል። ቤት ተሠርቶ፣ ብር ወጥቶ፣ በቋንቋና በሽማግሌ ተበላሸ። በእኛ አካባቢ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ገበሬው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ከሆነ ሰነዱም ስብሰባውም በአፋን ኦሮሞ ይሁን። በአማርኛ አንብቦ «ገባችሁ?» ማለት ምክክር አይባልም። በእንግሊዝኛ ከሆነማ ተዉት።

በሌላው ጫፍ ሳንክት ጋለን አለች፣ ስዊዘርላንድ። ከተማዋ ቁፋሮውን በራሷ ብር ልትሠራ ስለነበር በ2010 ነዋሪውን ድምፅ አሰጠች። 159 ሚሊዮን ፍራንክ። ከ80 በመቶ በላዩ ይሁን አለ። በ2013 ሲቆፈር 3.5 የሚለካ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ፣ የተገኘውም ሙቅ ውሃ አነሰ፣ ሥራው ቆመ። ብሩን ያጡት ፈቅደው የገቡ ሰዎች ናቸው፣ አደጋው ተነግሯቸው። እንደዚህ ዓይነት ኪሳራ ያማል እንጂ አያጣላም። ስምጥ ሸለቆ ላይ ደግሞ መሬቱ በራሱም ይንቀጠቀጣል፤ ፈንታሌ አካባቢ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ምን እንደሆነ አይተናል። ስለዚህ ከቁፋሮ በፊት መለኪያ ተተክሎ መመዝገብ አለበት፣ አለበለዚያ የተፈጥሮውም በቁፋሮው፣ የቁፋሮውም በተፈጥሮ ይሳበባል።

መብቱ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 እና 92 ሕዝብ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ የመመከር መብት አለው ይላል። በእኛ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅም ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው። ሪፖርቱን ጠይቁ። የቅሬታ ሰሚው ስም ማን ነው? በስንት ቀን ይመልሳል? ውሎ አበል የተከፈለበት ስብሰባ ላይ «አይሆንም» ያለ ሰው አለ? ካልነበረ ምክክር አልነበረም።

ታዲያ ማን የትኛውን?

የእድር ወይም የእቁብ ብር ከሆነ፣ ፍለጋ ቁፋሮ ላይ ጭራሽ አታስገቡ። ለቅሶ ቀን የሚያስፈልግ ብር ነው። የእቁብ ዳኛው ቢጎተጉትም።

የግል ቁጠባችሁ ከሆነና ወለድ የማያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ሌላ ገቢ ካለው ትልቅ ኩባንያ ቦንድ ይሻላል፤ እሱም ወለዱ ከዋጋ ንረቱ ብዙ ካልራቀ። ወለድ የማትወስዱ ከሆነ አክሲዮን ጠብቁ፣ ግን እንፋሎቱ በጉድጓድ ተለክቶ፣ የኤሌክትሪክ ሽያጭ ውሉ ተፈርሞ፣ የሽያጭ መግለጫው ጸድቆ ከወጣ በኋላ። የቀደመ ብዙ ያተርፋል የሚላችሁ ሰው የቀደመ ብዙ እንደሚከስር አልነገራችሁም።

አርሲ ወይ ዝዋይ ያለው ዘመዳችሁ ከደወለ ደግሞ ስለ አክሲዮን አታውሩለት። ማህበር ያላቸው ከሆነ ሙቀቱን ለማድረቂያና ለግሪንሃውስ እንዲጠይቁ፣ ድርሻው ከጠቅላላ ሽያጭ በመቶኛ ሆኖ ውሉ ውስጥ እንዲገባ ንገሩት። የስብሰባው መገኛ ወረቀት ላይ የሚፈርመው ፊርማ ኋላ «ተስማምተዋል» ተብሎ እንዳይያያዝም ንገሩት፤ ቃለ ጉባኤው ተነቦ፣ በሚያውቀው ቋንቋ፣ ከዚያ ይፈርም። ሲፈርም ገጹን በስልኩ ፎቶ ያንሳው፣ ሁሉንም ገጽ፣ የመጨረሻውን ብቻ አይደለም።